ገብስ የሌለው ቃጭል

ጎንደር፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቢያዝን አለነ
መካነ ብርሃን

ይህን የሚያህል ፈረስ፣ ሰውን በአንድ ርግጫ መጣል የሚችል ፍጥረት፣ ምኑን ነው እንዲህ የሚፈራው? ፈረስ ሲደነብር አይቶ ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንተም ጠየቅኸኝ። ሰላምታውን ሳላስቀድም ወደ ነገሩ የገባሁት ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ መልሱ አላስቀምጥ ስላለኝ ነውና ይቅር በለኝ። እንዴት ነህ? አጎታችን አያ ባዬስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አዲስ ተመራቂ ናት ብለው የማይቀመጡትን ልጆች ሁሉ ለእኔ ክፍል ሰጥተውኛል፤ እንደ ፈረሳችን እንደ ቦራ የሚደነብሩም አሉባቸው።

ቦራን «ጋኔን ገብቶበታል ይላሉ» ብለሃል። ጋኔን አልገባበትም። የሆነውን አስበው፤ አንተ ነበርክና። አባባ በሰኔ ባረፈ ጊዜ ፈረሱ እንደ ወጉ ተጭኖ፣ የአባባ ጋሻ ተንጠልጥሎበት፣ በለቅሶው መካከል ተሳበ። ጠመንጃ ከጆሮው ሥር ተተኮሰ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ጮኹ፤ የሚያውቀው እጅ ግን የለም። ጥሶ ሮጠ፤ የአክስታችንን የወለተሩፋኤልንም እጅ ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ባየ ቁጥር ያ ቀን ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል። ይህ ትምህርት ነው ወንድሜ፤ በአንድ ቀን የተማረው ክፉ ትምህርት።

እኔ ያን ቀን አዲስ አበባ የመጨረሻው ፈተና ላይ ነበርኩ። መርዶውን ፈተናው እስኪያልቅ ደበቃችሁኝ። ለእኔው ብላችሁ ነውና አልወቅሳችሁም። ግን እኔ ያልዋልኩበትን የአባቴን ለቅሶ ቦራ ውሎበታል። በሙት ዓመቱ እሱ ተጭኖ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ፣ አብረን እንድንወጣ እመኛለሁ። አያ ባዬ «እስከ ሙት ዓመቱ ካልተገራ ገደሉ አፋፍ ወስጄ ለጅብ አስረዋለሁ» ማለታቸውንም ጽፈህልኛል።

ስለዚህ ዱላውን ተውና ይህን አድርግ። ኮሌጅ የጠባይ ትምህርት ያስተማሩን ሰው፣ እንስሳ ሁሉ ከሥራው ቀጥሎ የመጣበትን ነገር አይረሳም ይሉን ነበር። ደስ የሚለው ከመጣ ሥራውን ይደግማል፤ የሚያመው ከመጣ ይሸሻል። አንድ አጭር ድምፅ ምረጥ። ድምፁን አሰማና ወዲያው እፍኝ ገብስ ስጠው። ድምፅ፣ ገብስ፤ ድምፅ፣ ገብስ። ድምፁ «ደግ ሠራህ፣ ገብስህ መጣ» ማለት መሆኑ ሲገባው ኮርቻውን ከሩቅ አሳየው። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ ቸኩለሃል ማለት ነውና ተመለስ። ካልሸሸ ድምፁን አሰማና አጉርሰው። ሌላ ቀን ትንሽ ቀረብ። የምን ድምፅ ልጠቀም ብለህ አትጨነቅ፤ ምንም ቢሆን ግድ የለም። ብቻ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ድምፁ ከተሰማ ደግሞ ገብሱ አይቅር።

ደብዳቤውን ነጋዴው ዐብዱረሕማን ያደርስልሃል። «ስለ ፈረስ ነው እንዴ የምትጽፊ? እኔ የባል ነገር መስሎኝ በቅሎዬን ላስቸኩል ነበር» ብሎ ስቆብኛል።

እኅትህ አምሳል


መካነ ብርሃን፣ ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለአምሳል፤ ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። አክስቴ ወለተሩፋኤል እጇ ተጠግኖላታል፤ ቦራን ግን «ዓይኔ አይየው» እንዳለች ነው።

«ምነው ዝም አልክ?» ብለሽ በዐብዱረሕማን ልከሽብኛል። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። መጀመሪያ ገብሱን ይዤ ስቆም የሰፈሩ ሰው አጥሩን ተደግፎ ይስቅብኝ ነበር። አያ ባዬማ «ኧረ ኑ እዩ! የግራዝማች አለነ ልጅ ፈረስ እንደ ሙሽራ ያጎርሳል!» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይጠሩብኛል። «እታለም በደብዳቤ የነገረችኝ ነው» ብላቸው «እሷ ፈረስ በደብዳቤ ከገራች፣ እኔም እርሻዬን በደብዳቤ አሳርሳለኋ!» አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔንም ሳቄ መጣ፤ ምን ላድርግ።

ግን እታለሜ፣ ይሠራል! አሁን ድምፁን ሲሰማ ከየትም ይመጣል። ኮርቻ ተጭኖ ቆሟል። ልጓም ላጎርሰው ስል አንገቱን ወደ ላይ እየሰቀለ ቢያስቸግረኝ፣ ዝቅ ባደረገ ጊዜ ብቻ ገብሱን እሰጠው ጀመር። ዛሬ ድምፁን ሲሰማ ይመጣና አንገቱን እስከ ጉልበቴ ዝቅ አድርጎ ይጠብቀኛል። ሲያዩት ሸጋ ነው። የተኩሱንም ነገር ኮርቻውን እንዳልሽው ከሩቅ ጀምረናል። የሚተኩሱልኝ ማን ይመስሉሻል? አያ ባዬ! ከወንዙ ማዶ ሆነው አንድ ይተኩሳሉ፤ ቦራ ካልበረገገ ወደ ውኃው ትንሽ ቀረብ ይላሉ። «ለሳቅ ነው» ይላሉ እንጂ ሳይጠሩ ነው የሚመጡት።

ድምፁ ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ቤታችን የነበረ፣ አባባ የሚያውቀው ነው። ስትመጪ ትሰሚዋለሽ።

ወንድምሽ ቢያዝን


ጎንደር፣ ታኅሣሥ ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ ቢያዝን፣

ደብዳቤህን መምህራን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንገቱን ዝቅ የሚያደርግበት ዘንድ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ፤ «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? አባቴ ልጓም ሲያጎርሰው ቦራ እንደዚያ ያደርግ ነበር ልበል?

እኔ እዚህ መቀመጥ አቅቶኛል። ገበያው አጠገብ የሚቆሙትን የጋሪ ፈረሶች ማየት ጀምሬአለሁ፤ የጋሪው ማሰሪያ የላጠው ጀርባቸው ላይ ዝንብ ይርመሰመሳል። ባለጋሪዎቹን ሰብስቤ ላስተምር ብዬ ዳይሬክተራችንን ብጠይቃቸው «ወይዘሪት አምሳል፣ መጀመሪያ ሰውን እናስተምር» አሉኝ። ሰውን እኮ ነው ላስተምር ያልኩት!

አሁን በዐብዱረሕማን አፍ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አይሆንም። ለጥምቀት ይዘኸው አትውጣ። ከወንዝ ማዶ የሚተኮስ አንድ ጠመንጃና የጥምቀት ሕዝብ አንድ አይደሉም። ከፈራ የሠራኸው ሁሉ ይፈርሳል። አያ ባዬ «ሰው ይይልን» ማለታቸው ይገባኛል፤ ንገራቸው፣ ሰው በሰኔ ያየዋል። ለአሁኑ ገደል አፋፉን እንዲረሱት ብቻ ነው የምፈልገው።

ዐብዱረሕማን የረመዳን ጾም ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው ብሎኛል። ከጥምቀት በፊት እንደሚደርስ ግን ምሎልኛል።

አምሳል


መካነ ብርሃን፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

እታለሜ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ዐብዱረሕማንን አትቆጪው፤ በቅሎው መንገድ ላይ፣ ኮሶዬ ሲደርስ፣ አንክሳበት ነው።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ። መጀመሪያ ድምፁን ልንገርሽ። ቃጭል ነው። አባባ በቅሎዋ አንገት ላይ ያስራት የነበረችው ትንሿ ቃጭል። ድምፁ ምንም ይሁን ስላልሽ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላ አይቼ አወረድኳት። ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ በጌታ እምልልሻለሁ አላሰብኩም።

በጥምቀት ቦራን ይዤ ዳር ቆሜ ነበር። ተኩሱ ነበር፣ እልልታው ነበር፤ ቦራ አልደነበረም። ደስታዬን አስቢው። ታቦቱ ከውኃው ሲመለስ ግን ዲያቆኑ ከፊት ሆኖ ቃጭሉን መታ።

ልጓሙ ከእጄ ወጣ። ሰው ለሁለት ተከፈለለት። ሄዶ ከታቦቱ ፊት ቆመና አንገቱን እስከ መሬት ዝቅ አደረገ። ገብሱን እየጠበቀ መሆኑ ያን ጊዜ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ የጮኹት አያ ባዬ ናቸው፤ «ሰገደ! የወንድሜ ፈረስ ሰገደ!» አሉ። ሕዝቡ ተቀበላቸው። አክስቴ ወለተሩፋኤል በዚያው በተሰበረ እጇ ኮቴውን ይዛ እየሳመች አለቀሰች። እኔስ ምን ልበል? «እናንተ ሰዎች፣ ገብስ ፈልጎ ነው» ልበል፣ ታቦት ቆሞ?

አያ ባዬ ፈረሱን ለደብሩ ሰጡት። አሁን ከቅጥሩ በር አጠገብ ጥዱ ሥር ታስሯል፤ ሰው ከማዶ ከማዶ እየመጣ ያየዋል። ከእንግዲህ ለጅብ የሚለው የለም። ያሰብነው ይህንኑ አልነበር? ጥሩ አይደለም ወይ እታለሜ? ጥሩ ነው በይኝ።

ቢያዝን


ጎንደር፣ ጥር ፳፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ቢያዝን፣

ጥሩ ነው ልልህ ብዬ ብዕር አነሣሁ፤ አልቻልኩም።

አንተን አልቆጣም። ቃጭል በምን በምን ቦታ እንደሚመታ ከማንም በላይ የማውቅ የደብር ጎረቤት ልጅ ነኝ፤ ግን «ምንም ቢሆን ግድ የለም» ብዬ የጻፍኩልህ እኔው ነኝ።

ሲሰግድ እናያለን እያሉ ቃጭል ይመቱለታል ወይ? ብዬ ዐብዱረሕማንን ጠየቅኩት። «ገበያ የሄደ ሁሉ ከእኔ ዘንድ ቃጭል ይገዛል፤ ለእኔስ ሲሳይ ነው» አለኝ።

እንግዲህ የሚሆነውን ልንገርህ። ቃጭል ይመታል፤ ገብስ የለም። መጀመሪያ ያልታየለት እየመሰለው ይብስ ዝቅ ይላል። ሰው «ይኸው እየባሰበት ሄደ፣ እየሰገደ ነው» ይላል። ቀጥሎ መሬቱን ይጎደፍራል፤ ይቆጣል። በመጨረሻ ይተዋል። እሱ በተወ ጊዜ ሰዎች ምን እንደሚሉ አንተም ታውቃለህ። ፈረሱን ወደ ሰማይ የሰቀሉት እነሱው ናቸው ገደል የሚያወርዱት።

ሳይረፍድ ለመርጌታ ሐብተ ማርያም እውነቱን ንገራቸው። ካልሆነ ቃጭል ከሚመታው ሰው እኩል ቁምና ገብስ ስጠው። ልምጣ ብዬ ብጠይቅ ዳይሬክተሩ ትምህርት እስኪዘጋ ፈቃድ የለም አሉኝ። እግሬ ግን እዚህ አልቆም ብሏል። ቶሎ ጻፍልኝ።

አምሳል


መካነ ብርሃን፣ የካቲት ፳፯ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

እታለሜ፣ ሁሉ ደኅና ነው። ቦራ ደኅና ነው። እኔ ደኅና ነኝ። አያ ባዬም ደኅና ናቸው።

ለመርጌታ እነግራቸዋለሁ፤ ጾሙ ይለፍ። ገብስ መስጠቱን «የደብር ፈረስ ነው፣ አንተ ምን አገባህ» ብለው ከልክለውኛል።

ፊደሌ ምነው ተጣመመ እንዳትዪ፤ ብዕሩ ክፉ ነው።

አትምጪ።

ቢያዝን


መካነ ብርሃን፣ መጋቢት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ሰላም ለኪ፣ ልጄ አምሳል። እኔ መርጌታ ሐብተ ማርያም ነኝ፤ ፊደል ያስቆጠርኩሽ። በነጋዴው እጅ በምሥጢር የላክሽልኝን ጥያቄ ተቀብያለሁ። በምሥጢር ቢሆንም እውነቱን መሸሸግ አልችልም።

አዎ፤ የወንድምሽ እጅ ታሟል። ፈረሱ ነው የነከሰው፤ ቀኝ እጁን። የጻፈልሽ በግራው ነው። ሰው ሳያይ ገብስ ሊያቀብለው ገብቶ ሳለ ከቅጥሩ ውጭ አንዱ ቃጭል መታ፤ እንስሳው ያገኘውን ያዘ። ልጁ ይህን ከአንቺም ከሰውም ደብቆ ኖረ፤ ተናካሽ ነው እንዳይባልበት። አሁን ቁስሉ እየደረቀ ነውና አትደንግጪ።

ስለ ፈረሱ ጠይቀሽኛል። ከስቷል። ለበረከት እያሉ ጭራውን ነቅለው ጨርሰውታል፤ ዝንብ የሚከላከልበት የለውም። ቃጭል ሲሰማ መስገዱን ትቷል። ጆሮውን ያጥፋል፣ ጥርሱን ያሳያል። እኔም መትቼ ነበር ልጄ። አንድ ጊዜ፣ ሰው ነኝና ልየው ብዬ። ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

አሁን ሰዉ ተከፍሏል። ገሚሱ «በእኛ ኃጢአት ጸጋው ራቀው» ይላል። ገሚሱ ቢያዝን ሜዳ ላይ ቃጭል ሲመታ አይተነዋል፣ በታቦት ቀልዷል ይላል፤ የሰንበቴ ጽዋውን ከእሱ እጅ አንቀበልም ያሉ አሉ። ባዬ ከቤቱ አይወጣም። መጀመሪያ የጮኸ እሱ ነውና አፍሯል። «በሙት ዓመቱ ሕዝብ ፊት ካልሰገደ በገዛ እጄ ገደል አፋፍ አስረዋለሁ» ብሎ ምሏል። ያፈረ ሰው መሐላ ከባድ ነው።

ቢያዝንን ብጠይቀው ያለቅሳል እንጂ አይመልስልኝም። አንቺ የተማርሽ ነሽ። ፈረሱ ሰግዷል ወይስ አልሰገደም? በአንድ ቃል መልሺልኝ።

መርጌታ ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመርጌታ ሐብተ ማርያም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

በአንድ ቃል መልሺ ብለውኛል። አልሰገደም።

ይህን ጽፌ ወረቀቱን አገላብጬ አስቀመጥኩት። «ሰግዷል» ብል ፈረሱ ዕድሜውን በሙሉ ቃጭል ሲመታበት ይኖራል፤ «አልሰገደም» ብል ወንድሜ በታቦት የቀለደ ይባላል። ሁለቱንም ማዳን ፈልጌ ብዙ ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ። የሚያድናቸው ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ቢያዝን ቃጭሏን ያወረዳት ከአባቱ በቅሎ ዕቃ ላይ ነው፤ ድምፁ ምንም ቢሆን ግድ የለም ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ቦራ ቃጭል ከተመታ ገብስ ይመጣል ብሎ አመነን። እምነቱን ደግሞ ያ ሁሉ ተኩስ አላናወጠውም፤ ከሕዝብ መካከል አልፎ መጣ። ያን ቀን እፍኝ ገብስ የያዘ ሰው አልነበረም። ከዚያም ወዲህ እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። በዚህ ሁሉ የታቦቱ ክብር አልተነካም አባቴ፤ የተጎዳው ያመነን ፈረስ ነው።

ስለዚህ እርስዎን አስቸግሬ የምለምንዎ አለኝ። ይህን ደብዳቤ በሰንበቴው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ያንብቡልኝ። የተቀየመ በእኔ ይቀየም፤ ትምህርት ሲዘጋ መምጣቴ ነውና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ቦራንም ከጥዱ ፈተው ወደ ሜዳው ይመልሱልን። ቃጭሏን እርስዎ ይያዟት፤ አትመታ።

በሙት ዓመቱም ቦራ አይጫን። ዓመቱን ሙሉ የለፋነው ለዚያ ቀን ነበር፤ ልጓሙን ይዤ ከአባቴ ፈረስ ጋር ልወጣ። ይቅር። ጋሻውን እኔ ራሴ እሸከማለሁ፤ ያልዋልኩበትን ለቅሶ በእግሬ እየሄድኩ እውለዋለሁ። እሱ አንዴ ውሎበታል፤ ይበቃዋል።

አክስቴ ወለተሩፋኤል፣ ኮቴውን የሳምሽው በከንቱ አይደለም። እጅሽን ለሰበረ ፍጥረት እጅሽን መልሰሽ ሰጥተሻል፤ ያ እውነት ነበር።

ቢያዝን፣ ከእንግዲህ ደኅና ሳትሆን ደኅና ነኝ አትበለኝ። አንዴ ለፈተና ብላችሁ ደብቃችሁኛል፤ አሁን ፈተና የለብኝም።

አያ ባዬ፣ ይህ ለእርስዎ ነው። ፈረስ በደብዳቤ አይገራም ብለው ስቀውብን ነበር፤ እውነትዎን ነው። የገራው ከወንዙ ማዶ ሳይጠራ የመጣ ሰው ነው። አሁንም ሳይጠሩ ይምጡ። ጠመንጃውን ቤት ይተዉት፤ እፍኝ ገብስ ይያዙና አጥሩ ዘንድ ይቁሙ። እጅዎን ይዘርጉ፣ አይጥሩት። ካልመጣ ገብሱን መሬት ላይ ትተውለት ይሂዱ፤ በማግሥቱ ደግሞ ይመለሱ። ይህ ለእርስዎ ብቻ አይደለም። በቦራ ላይ ቃጭል የመታ ሁሉ፣ መርጌታም ቢሆኑ፣ አንዳንድ እፍኝ ዕዳ አለብን።

ዐብዱረሕማን መልስ ሳይዝ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ፤ የቀሩትንም ቃጭሎች ከመደብሩ አውርዷል። አጥሩ ዘንድ ማን እንደመጣ ጻፉልኝ። ማንም ካልመጣም፣ ያንኑ ጻፉልኝ።

ልጅዎ አምሳል አለነ